«ለጥቂት» የሚባለው አደጋ፦ ሞተረኞችና አሽከርካሪዎች በየካና በእንጦጦ መንገዶች

ከመገናኛ በላምበረት ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ በሥራ መግቢያ ሰዓት የሚመላለስ ሰው አንድን ድርጊት ደጋግሞ ያያል። ከመንገድ ዳር ተሳፋሪ የጠራው ሚኒባስ ታክሲ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ረዳቱም መኪናው በቅጡ ሳይቆም በሩን ይከፍታል። በዚያው ጠርዝ ይመጣ የነበረው ሞተረኛ ፍሬን ይዞ፣ የኋላ ጎማው እየተንሸራተተ፣ ከበሩ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ያልፋል። የሚወድቅ የለም፤ የሚደማም የለም። ሞተረኛው ዞር ብሎ አንድ ቃል ይወረውራል፣ ረዳቱም ይመልሳል፣ ከዚያ ሁሉም «ተመስገን» ብሎ ወደየሥራው ይሄዳል።

በዚህ መልኩ የተጠናቀቀ ክስተት በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም። የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መረጃ የሚደራጀው በሞት፣ በከባድ የአካል ጉዳት፣ በቀላል የአካል ጉዳትና በንብረት ውድመት ነው። ከአራቱ አንዱ ካልደረሰ አደጋ ተከሰተ አይባልም። ሞተረኛው ግን በዕለቱ ወደ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ እንዲህ ያለው ነገር ሦስትና አራት ጊዜ ሊያጋጥመው ይችላል፤ በሳምንት፣ በወርና በዓመት ሲባዛም በአኃዝ ያልተያዘ ትልቅ ክምችት ይሆናል።

ይህን ክምችት በቁም ነገር ማየት የተጀመረው በመንገድ ላይ ሳይሆን በፋብሪካ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 ኸርበርት ሄንሪክ የተባለው አሜሪካዊ የመድን ባለሙያ የኢንዱስትሪ አደጋዎችን መዝገብ መርምሮ፣ ለእያንዳንዱ ከባድ አደጋ 29 ቀላል አደጋዎችና 300 ያህል ጉዳት ያላደረሱ ክስተቶች እንዳሉ ጻፈ። ትክክለኛው ምጣኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ያከራከረ ሲሆን ከሥራ ወደ ሥራም እንደሚለያይ የታወቀ ነው። ዋናው ሐሳብ ግን እስካሁን ጸንቶ ይገኛል፦ ለጥቂት የተረፈው ሰውና ያልተረፈው ሰው የገጠማቸው አንድ ዓይነት ስህተት ነው፤ ልዩነቱ የአንድ ክንድ ርቀት ወይም የግማሽ ሰከንድ ጊዜ ብቻ ነው። በአቪዬሽን ዘርፍ ሁለት አውሮፕላኖች ከሚገባው በላይ ቢቀራረቡ ምንም ጉዳት ሳይደርስ ሪፖርት ይደረጋል፣ ይመረመራልም። በከተማ መንገድ ላይ ተመሳሳይ ክስተት የሚያስከትለው የቃላት ልውውጥ ብቻ ነው።

የመንገዱ ባሕርይ

የካ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ ሲሆን፣ በደቡቡ በኩል የመገናኛ፣ የሾላ ገበያና የላምበረት ጥድፊያ፣ በሰሜኑ በኩል ደግሞ የእንጦጦ ተራራ ግርጌና ቁልቁለት አለው። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሁለት የተለያዩ የመንገድ ችግሮች ይታያሉ ማለት ነው።

ከመገናኛ ተነስቶ በላምበረትና በኮተቤ አልፎ በካራ በኩል ከከተማው የሚወጣው መንገድ፣ ወደ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚያመራው ዋና መንገድ ነው። የላምበረት መናኸሪያ አውቶቡሶች፣ ሲሚንቶና አሸዋ የጫኑ ሲኖትራኮች፣ የከተማ አውቶቡሶች፣ ሚኒባሶችና የግል መኪኖች ሁሉ ይጠቀሙበታል። ከአገር አቋራጭ ጉዞ የሚመለሰው አሽከርካሪ ለሰዓታት በለመደው ፍጥነት ካራ ይደርሳል፤ ከዚያ ጀምሮ ግን ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ የታክሲ ተራና እግረኛ የሞላበት የመኖሪያ ሠፈር ነው። ፍጥነቱን ሳይቀንስ የሚገባ ከባድ መኪና አጠገቡ ያለውን ሞተረኛ በንፋሱ ብቻ ሊያናውጠው ይችላል። በመገናኛ በኩል ያለው ችግር ደግሞ ከዚህ ይለያል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው የቀላል ባቡር መስመር መንገዱን ለሁለት ከፍሎ ስለሚያልፍ፣ ተሽከርካሪ የሚዞርባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። አሽከርካሪዎች በእነዚህ ጥቂት ቦታዎች ስለሚከማቹ የመዞሪያው አፍ ላይ መገፋፋት ይበዛል፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚገፋውም ቀጭኑ ተሽከርካሪ ነው።

የእንጦጦው መንገድ ፀጥ ያለ ይመስላል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በጉራራ በኩል ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ በጎረቤት ጉለሌ ክፍለ ከተማ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጡት መንገዶች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3 ሺህ ሜትር ከፍታና ከዚያም በላይ የሚያደርሱ አቀበቶችና ጠመዝማዛዎች ናቸው። ቁልቁለቱ ረጅም በመሆኑ ፍሬኑን ብቻ ተማምኖ የሚወርድ ተሽከርካሪ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቅተዋል፤ በከባድ ማርሽ ወርዶ በሞተሩ ጉልበት ማቀዝቀዝ ያለበት አሽከርካሪ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነፃ ሲያደርግ ችግሩ ይብሳል። በክረምት ጭጋግ ይወርዳል፣ አስፋልቱ ላይም የባሕር ዛፍ ቅጠልና ከዳገቱ ታጥቦ የመጣ አፈር ይተኛል። ለአራት ጎማ ተሽከርካሪ ይህ መጠነኛ ምቾት ማጣት ሲሆን ለሁለት ጎማ ግን የመውደቅ ምክንያት ነው።

በተጨማሪም የእንጦጦ መንገድ የብዙዎች ነው። ጎህ ሳይቀድ የሚሮጡ አትሌቶች፣ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ ጭነት የጫኑ አህዮች፣ ወር በገባ በ16 ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚሳለሙ ምዕመናን ሁሉ ይጠቀሙበታል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ወዲህ የቅዳሜና እሑድ ጎብኚ በእነዚህ ላይ ተጨምሯል። አብዛኛው ጎብኚ ለጠመዝማዛው መንገድ እንግዳ ነው፤ የከተማውን ቁልቁል ዕይታ ሲያደንቅ መስመሩን ለቅቆ የሚገባበት አጋጣሚም ያጋጥማል። ጠባብ ኩርባ ላይ መስመሩን የሳተ መኪና ከፊት ለፊት ሲመጣ ሞተረኛው ያለው ምርጫ ወደ ቦይ መውጣት ነው።

«አላየሁትም»

በሞተረኛና በመኪና መካከል የሚፈጠር ግጭት ከተከሰተ በኋላ ከአሽከርካሪው አንደበት ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «አላየሁትም» የሚል ነው። ይህን መልስ እንደ ማምለጫ ብቻ መቁጠር ተገቢ አይደለም፤ በአብዛኛው እውነት ነው፣ ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው። ሃሪ ኸርት የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በደረሱበት ቦታ ተገኝቶ ከመረመረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ጥናት፣ ሞተር ሳይክልና ሌላ ተሽከርካሪ ከተጋጩባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የደረሱት የሌላው ተሽከርካሪ አሽከርካሪ የሞተረኛውን ቅድሚያ በመጣሱ መሆኑን አሳይቷል። አሽከርካሪው መንገዱን ያያል፤ ዓይኑ የሚፈልገው ግን የመኪናን ስፋት ነው። ቀጭን ሆኖ የሚመጣውን ነገር ዓይን ቢያርፍበትም አእምሮ አይመዘግበውም። ከዚህ በተጨማሪ ጠባብ የሆነ ነገር ሲቀርብ ርቀቱና ፍጥነቱ በትክክል ስለማይገመት «ገና ሩቅ ነው» ተብሎ ይታጠፋል።

በአዲስ አበባ ሁኔታ ይህን የሚያባብሱ ልማዶች አሉ። የመጀመሪያው ስፖኪዮ አለማየት ነው። በመጨናነቅ ውስጥ ቆሞ የነበረ አሽከርካሪ የጎን ረድፍ ሲንቀሳቀስ አይቶ በድንገት ይገባበታል፤ በሁለቱ ረድፎች መካከል ሞተረኛ ሊኖር እንደሚችል አያስብም። ሁለተኛው የበር ጉዳይ ነው። ከቆመ መኪና የሚወርድ ተሳፋሪ ወደ ኋላ ሳያይ በር ይከፍታል፤ በዚህ ጊዜ ጥፋተኛው አሽከርካሪው ይሁን ተሳፋሪው የሚለው ክርክር ከአደጋው በላይ ይረዝማል። ሦስተኛው በአደባባይ ላይ የሚታየው ነው፦ በአደባባዩ ውስጥ ላለው ተሽከርካሪ፣ ማለትም ከግራ ለሚመጣው ቅድሚያ መስጠት ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ በተግባር ቅድሚያ የሚያገኘው ትልቁ ተሽከርካሪ ነው። ስልክ እያዩ ማሽከርከር በእነዚህ ሁሉ ላይ የሚጨመር እንጂ ራሱን የቻለ አራተኛ ምክንያት ብቻ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ቁጥራቸው እየጨመረ የመጣው የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ከቆሙበት ሲነሱ ግን ፈጣን በመሆናቸው፣ ሞተር ሲጮህ ሰምቶ መጠንቀቅ ለለመደው ሞተረኛ አዲስ ሁኔታ ፈጥረውበታል።

ፍጥነት እዚህ ላይ የሚወስነውን ነገር በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ፍሬን ያለው መኪና እስኪቆም በድምሩ ወደ 37 ሜትር ይጓዛል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ኖሮ 13 ሜትር ገደማ በቂ ነበር። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። እርጥብ አስፋልትና የጉራራ ዓይነት ቁልቁለት ሲታከል ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል። ላምበረት ላይ ታክሲው ሲታጠፍ በሞተረኛውና በበሩ መካከል የነበረው ርቀት 15 ሜትር ቢሆን፣ ሞተረኛው «ለጥቂት» የሚያልፈው ቀድሞውንም ዝግ ብሎ ይመጣ ከነበረ ብቻ ነው።

ከዚህ አንጻር የሞተረኞችን ጥፋት ማለፍ ፍትሐዊ አይሆንም። በረድፎች መካከል በፍጥነት መሹለክ፣ በቀይ መብራት ማለፍ፣ አቅጣጫን ጥሶ መንዳት፣ በኮሪደር ልማቱ ለእግረኛና ለብስክሌት ተብሎ በተሠራው መንገድ ላይ መውጣት በየዕለቱ ይታያል። ባልተጠበቀ አቅጣጫ የሚመጣ ሞተረኛን አላየሁትም የሚል አሽከርካሪ ሊወቀስ አይገባም። ጥድፊያው ግን ምክንያት አለው። ዕቃ ወይም ምግብ የሚያደርሰው ወጣት ገቢው የሚሰላው ባደረሰው ብዛት ነው፤ ደንበኛው ደግሞ ምግቡ ትኩስ ሆኖ እንዲደርስለት ይፈልጋል። ከመገናኛ ተነስቶ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ለመድረስ ደንበኛው በስልኩ ላይ የሚያየውን ደቂቃ ለማሟላት የሚጣደፍ ሰው ሁሉንም ቀይ መብራት እንዲያከብር መጠየቅ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ግን ለሞተረኛው ብቻ ሳይሆን ክፍያውንና ጊዜውን ለሚወስኑትም ጭምር ሊቀርብ ይገባል።

ከ2011 ዓ.ም. የቀረ ጥርጣሬ

በአዲስ አበባ ስለ ሞተር ሳይክል ሲነሳ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተጣለው እገዳ ሳይጠቀስ አይታለፍም። በወቅቱ የከተማ አስተዳደሩ በሞተር ሳይክል ታግዞ የሚፈጸም ቅሚያና ሌላም ወንጀል መበራከቱን በምክንያትነት አቅርቦ፣ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ከልክሏል። ሞተረኞች በምዝገባና በፈቃድ ወደ ሥራ የተመለሱት ቀስ በቀስ ነው። ዛሬም ታላላቅ ጉባኤዎችና በዓላት ሲከበሩ ለተወሰኑ ቀናት የሞተር እንቅስቃሴ ይገደባል።

የጸጥታ ሥጋቱ እውነተኛ እንደነበር ቦርሳው ወይም ስልኩ ከእጁ የተነጠቀበት ነዋሪ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ሞተረኛውን ለረጅም ጊዜ በወንጀል ዓይን ብቻ ማየት በመንገድ ደህንነት ላይ የራሱን ጥላ ጥሏል። ሞተረኛ ሲወድቅ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ምን ሠርቶ ሲያመልጥ ነው?» የሚል የሆነባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ተገፍቶ የተጎዳው ሰው አቤት ለማለት ሲያስብ ሰነዱ ይመረመርብኛል፣ ሞተሩ ይያዝብኛል ብሎ ዝም ይላል። ፈቃዱ የተሟላ ሰው ይህን መፍራት አልነበረበትም፤ ግን ይፈራል፤ ዝምታውም መዝገቡን ባዶ ያደርገዋል።

በሌላ በኩል የከተማዋ የመንገድ ደህንነት ሥራ ያተኮረው በእግረኛ ላይ መሆኑ ተገቢ ነው፤ በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ውስጥ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዙት እግረኞች ናቸውና። በዓለም አቀፍ ደረጃ ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በ2021 በመንገድ አደጋ ከሞቱት 1.19 ሚሊዮን ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ተጠቃሚዎች ነበሩ። ሞተር ሳይክል ከትራንስፖርት ሥርዓቱ ጋር በሰፊው በተዋሐደባቸው አገሮች ድርሻው ከዚህም እጅግ ይበልጣል። አዲስ አበባ በዕቃ ማድረስ ምክንያት ወደዚያው አቅጣጫ እየሄደች ባለችበት ጊዜ ጉዳዩን አስቀድሞ መያዝ ከኋላ ከመከተል ይቀላል።

ሕጉ የሚለውና ማስረጃ የሚጎድልበት ቦታ

ለተጎዳ ሞተረኛ ከሁሉ በላይ ወሳኝ የሆነው ድንጋጌ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ላይ ይገኛል። ሁለት ባለ ሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል፤ ከጠቅላላው ጉዳትም ባለንብረቶቹ ግማሽ ግማሹን ይሸከማሉ። ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በዋነኛነት የደረሰው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። በወረቀት ላይ እኩልነት ነው። በተግባር ግን የመኪናው ጉዳት የተሰበረ ፍሬቻና የተጫረ ቀለም ሲሆን የሞተረኛው ጉዳት የተሰበረ እግር ነው፤ እግሩ እስኪድን ድረስም ቤተሰቡ ያለ ገቢ ይቆያል። ስለዚህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያስረዳው ማስረጃ፣ በተለይም ትራፊክ ፖሊሱ በቦታው የሚያነሳው ፕላን፣ ለሞተረኛው ከሌላው ወገን ይልቅ ያስፈልገዋል። «ተስማምተናል፣ ሂድ» ተብሎ ያለ ፕላን የተለያየ ሰው በማግስቱ ሕመሙ ሲበረታ የሚያቀርበው ነገር የለውም።

የወንጀል ሕጉ በበኩሉ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን በአንቀጽ 559 ይቀጣል። የትራፊክ ደንብን እያወቀ ጥሶ የሰው ሕይወት ያጠፋ አሽከርካሪ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊደርስ ይችላል። ገጭቶ የተጎዳውን ሰው ሳይረዳ ጥሎ መሄድም በአንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። እነዚህ ሁሉ ግን ከጉዳት በኋላ የሚመጡ ናቸው። ጉዳት ሳይደርስ የታለፈው ድንገተኛ መታጠፍ በአብዛኛው የደንብ መተላለፍ ብቻ ሆኖ የሚቀር ሲሆን፣ ያም ቢሆን ተቆጣጣሪ በዓይኑ ካየው ነው።

መድንን በተመለከተ በስፋት የሚታይ አለመረዳት አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ለሞተር ሳይክልም ግዴታ ነው። ብዙ ሞተረኞች የገዙት መድን እነርሱን ራሳቸውን የሚሸፍን ይመስላቸዋል፤ አይሸፍንም። የሚሸፍነው በእነርሱ ምክንያት የተጎዳውን ሌላ ሰው ነው። መኪና ሲገጫቸው ደግሞ እነርሱ ለዚያ መኪና ሦስተኛ ወገን ስለሆኑ የሚካሱት ከመኪናው መድን ነው። ገጪው አምልጦ ካልታወቀ ወይም መድን የሌለው ከሆነ ለሞትና ለአካል ጉዳት ካሣ የሚከፍለው የመድን ፈንዱ ሲሆን፣ ይህን ሥራ ዛሬ የሚያከናውነው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። አዋጁ በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ለማንኛውም ሰው የአስቸኳይ ሕክምና መብት ሰጥቷል፤ የጤና ተቋማትም ገንዘብ ይቅደም ሳይሉ የማከም ግዴታ አለባቸው። ተጎጂው ራሱ አጥፊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ጥያቄ በድንገተኛ ክፍል በር ላይ አይነሳም።

በደመወዝ የተቀጠረ ዕቃ አድራሽ ከዚህ በተጨማሪ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሕክምናና ካሣ የማግኘት መብት አለው። ራሱን ችሎ በግል የሚሠራው ግን ይህ ዋስትና የለውም። በርካታ ሞተረኞች በየትኛው ወገን እንዳሉ የሚያውቁት ከወደቁ በኋላ ነው፤ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ፣ ውል ከሌለም መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

በመንገዱ ላይና ከመንገዱ በኋላ

ሄልሜት እዚህ ላይ በአጭሩ ይነሳል፤ ነገሩ የሚያከራክር አይደለምና። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ የሚሠራው ማሰሪያው አገጭ ሥር ሲታሰር ነው። በክንድ ላይ የተንጠለጠለ ወይም ሳይታሰር የተጠለቀ ሄልሜት ለትራፊክ ፖሊስ እንጂ ለአስፋልት አይሆንም።

ላለመታየት ችግር ደግሞ መፍትሔው መታየት ነው፦ ቀንም ቢሆን የፊት መብራትን ማብራት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ፣ ከሚኒባስ የኋላ ቀኝ ጥግ መራቅ። አሽከርካሪው ስፖኪዮው ውስጥ ሞተረኛውን ሊያየው የሚችለው ሞተረኛው የአሽከርካሪውን ፊት በዚያው መስታወት ማየት ከቻለ ብቻ ነው። በእንጦጦ ቁልቁለት ኩርባ ከመግባት በፊት ማርሽ መቀነስና በመስመሩ ቀኝ አጋማሽ መቆየት፣ በዝናብ ወቅትም የፊት ፍሬንን በድንገት አለመያዝ ልምድ ያላቸው ሞተረኞች ለጀማሪዎች የሚመክሩት ነው። ታክሲ ተራ አጠገብ ሲደረስ ረዳቱ በመስኮት እጁን አውጥቶ እየተጣራ ከሆነ ሚኒባሱ ወደ ቀኝ ሊወጣ መሆኑን ከፍሬቻው በፊት ያሳውቃል፤ የየካ ሞተረኛ ይህን ምልክት ማንበብ ግድ ይለዋል።

አሽከርካሪ ደግሞ በቀኝም በግራም ከመታጠፉ በፊት ሁለት ጊዜ ቢያይ የሚያጣው አንድ ሰከንድ ነው። የመጀመሪያው ዕይታ መኪና ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሞተረኛውን ያገኛል።

ለጥቂት ያለፈ ክስተት ያጋጠመው ሰው የተሽከርካሪውን የሰሌዳ ቁጥር ከነኮዱ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ወዲያው ጽፎ መያዝ ይችላል። ተከትሎ መስደብ ወይም ከፊት ዘግቶ ማስቆም አንዱን አደጋ በሌላ መተካት ነው፤ ይህን የሚያደርጉ ሞተረኞች መኖራቸው አልተሰወረም። የታክሲ ጥፋት ሲሆን የስምሪት መስመሩን ጨምሮ በቅርብ ለሚገኝ ትራፊክ ፖሊስ ወይም ለከተማው ትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን ማመልከት ይቻላል። አንድ ጥቆማ ብቻውን ማስረጃ ሆኖ ላያስቀጣ ይችላል። በአንድ ቦታ ላይ የሚደጋገም ጥቆማ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፦ ለምሳሌ በአንድ የታክሲ ተራ አጠገብ አሥር ሰዎች በተለያየ ቀን ተመሳሳይ ነገር ካጋጠማቸው ጥፋቱ የአሥር አሽከርካሪዎች ብቻ ሳይሆን የተራው አቀማመጥም ሊሆን ይችላል። ተራውን 20 ሜትር ማራቅ ወይም የመቆሚያ ቦታ ወደ ውስጥ መሥራት ከአሥር ቅጣት የሚበልጥ ውጤት ሊኖረው ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን ጥቆማዎቹ በወረዳ፣ በክፍለ ከተማና በትራፊክ ፖሊስ በተለያየ ደብተር ተበታትነው ሳይሆን በአንድ ቦታ ተሰብስበው በካርታ ላይ መታየት አለባቸው። ዛሬ ያለው የአደጋ መረጃ ሥርዓት ለዚህ አልተዘረጋም፤ ክፍተቱም ከሞተረኞች ቸልተኝነት ይልቅ የተቋማቱ ነው።

ጉዳት ሲደርስ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የተጎዳውን ሰው መርዳት፤ አንገቱን ወይም ጀርባውን የተመታ መስሎ ከታየ ሌላ አደጋ ካላሠጋ በስተቀር አለማንቀሳቀስ፣ ሄልሜቱንም አለማውለቅ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ ፖሊስ በ991፣ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይጠራሉ። ፕላን ከመነሳቱ በፊት ተሽከርካሪዎቹ ከቦታቸው መነሳት የለባቸውም፤ የትራፊክ ፍሰቱ አስገድዶ ከተነሱ ቀድሞ ከተለያየ አቅጣጫ ፎቶግራፍ ማንሳትና ጎማዎቹ የቆሙበትን ቦታ በኖራ ወይም በድንጋይ ማመልከት ይጠቅማል። ያዩ ሰዎች ከመበተናቸው በፊት ስማቸውንና ስልካቸውን መቀበል ያስፈልጋል፤ የታክሲ ተሳፋሪ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሌላ ታክሲ ይይዛልና።

ካሣ ለመጠየቅ የሚቀርበው ሰነድ በአብዛኛው የፖሊስ ሪፖርቱና ፕላኑ፣ የሕክምና ማስረጃው፣ የተጎጂው መታወቂያና መንጃ ፈቃድ፣ የተሽከርካሪው የመድን ማስረጃ ነው። ለሞተር ሳይክል ምድብ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ የሌለው፣ ነገር ግን የመኪና መንጃ ፈቃድ ይዞ ሞተር የሚነዳ ሰው በዚህ ደረጃ ላይ ከባድ ችግር ይገጥመዋል፤ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ሁለቱ የተለያዩ ምድቦች ናቸው። ገጪው ያልታወቀ ከሆነ ከመድን ኩባንያ ይልቅ ጥያቄው በቀጥታ ለመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ይቀርባል፤ ለዚህም ገጪው አለመገኘቱን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ከሌሎቹ ሰነዶች ጋር ተያይዞ መቅረብ ይኖርበታል።